ለቀብሩ ያልመጡ እንግዶች

በሂውስተን ደቡብ ሰፈር አልበም የሚፈተነው በመኪና ነው። የኋላ ኮፈኑ ውስጥ በታጨቁት ስፒከሮች ይለቀቃል፤ ታርጋው ከተንቀጠቀጠ አለፈ፣ ካልተንቀጠቀጠ ወደመጣበት። ላቬልም የሟች ጓደኛውን የራፐሩን የቢግ ሬናርድን የመጨረሻ አልበም ይዞ፣ ቀይ ካዲላኩን አጥቦ፣ እሁድ ከቸርች መልስ የሟቹ እናት የሚስ ኦዴሳ ደጅ ላይ አቆመ። ሚስ ኦዴሳ እሺ ካላሉ አልበሙ አይወጣም። ላቬል ደግሞ የሬናርድ ልብ ድንገት ቀጥ ካለች ወዲህ ከዚህ አልበም ሌላ ያሰበው ነገር የለም።

ሚስ ኦዴሳ የቸርች ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከፊት ተቀመጡ። መኪናው ለባርኔጣው ስላልበቃ መስኮቱ ተከፍቶ ጠርዙ ወደ ውጭ ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ወንበሩን እየተሸከመ መጥቶ ታርጋው ትይዩ ተኮለኮለ።

"ልቀቀው" አሉ ሚስ ኦዴሳ።

ታርጋው ተንዘፈዘፈ። ጎረቤቱ አጨበጨበ። የሚስ ኦዴሳ ፊት ግን አልፈታ አለ። በዘፈኑ ውስጥ አንዱ ራፐር "ወንድሜ ነበር" ይላል፤ ሌላው "በአንድ ሳህን በልተን ነው ያደግነው" ይላል፤ ሦስተኛው አልቅሶ ሲያበቃ የራሱን ጫማ ቤት ያስተዋውቃል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው።

"አቁመው! ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?"

"እንግዶች ናቸው፣ ሚስ ኦዴሳ። ትልልቅ ስም ያላቸው ናቸው።"

"ቀብሩ ላይ አንዳቸውንም አላየሁም! አንድ ሳህን ዶሮ እንኳ ይዞ የመጣ የለም። ልጄ የታለ?"

"አሁን ይመጣል።"

መጣ። አራት ስንኝ ብሎ ሄደ።

"ሬናርድ በዚህች አጭር ወሬ ዝም ብሎ አያውቅም፤ የወለድኩት እኔ ነኝ። አይወጣም!" ብለው የመኪናውን በር ከፈቱ።

ሬናርድ ዘፈኑን ይቀዳ የነበረው በእናቱ ቁምሳጥን ውስጥ፣ በቀሚሶቻቸው መሀል ተወሽቆ ነበር፤ ልብስ ማስተጋባትን ይውጣል ብሎ። ላቬል ከዚያ ቅጂ ውስጥ የቤቱን ድምፅ እየለቀመ ሲያወጣ ነው የከረመው።

"ያልጸዳ አለ" አለ በፍርሃት። "ግን ጫጫታ አለው።"

"የማን ጫጫታ?"

"የእርስዎ።"

ሚስ ኦዴሳ እግራቸውን መልሰው አስገቡ።

ሂውስተን ዘፈኑን የሚወደው ፍጥነቱ ዝግ ተደርጎ፣ እንደ ሽሮፕ ወፍሮ ሲንቆረቆር ነውና ላቬል የለቀቀው ይሄም ዝግ ተደርጎ ነበር። ሬናርድ ጀመረ፤ ወዲያው ከማድ ቤት በኩል የበሬ የሚመስል ድምፅ አስገመገመ፦ "ሬ...ና...ርድ! ሩዙ... በረደ!"

ታርጋው ወልቆ መሬት ላይ ተንከባለለ። ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ይሄ ደግሞ የማን በሬ ነው?" አሉ ሚስ ኦዴሳ።

"እርስዎ ነዎት።"

"አንዴ ብቻ፣ እማ!" ይላል ሬናርድ ከስፒከሩ።

"አንዴ ያልከኝ ቅድም ነው! ደሞ ከቀሚሴ ውስጥ ውጣ!" ይላል በሬው።

"መ...ጣ...ሁ፣ እማ... መ...ጣ...ሁ..."

ሚስ ኦዴሳ ሲስቁ ባርኔጣው ወልቆ በመስኮት ወደቀ። ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነና በጓንታቸው አፋቸውን ያዙ። ላቬልም ናፍቆት እንዲህ በቀን ብርሃን ይይዘኛል ብሎ አላሰበም።

"ፈጠን ላድርገው?" አለ።

"እንዳትነካው! እንግዶቹን አስወጣና እኔን አስገባ።" ዓይናቸውን ጠረጉ። "እስኪ አሁን 'መጣሁ' የሚለኝን መልሰው።"

ላቬል መለሰው።

"አንዴ ድገመው።"