የአባባ የስለት ጋን

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፣ ይሄ ወንድም ይባላል?

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ወይኑ ላይ መድኃኒት ረጭቶ አያውቅም። አረሙን በእጁ ነቅሎ፣ ፍሬውን በእግሩ ረግጦ፣ ከነልጣጩ ከነዘሩ መሬት ውስጥ በተቀበሩት ጋኖች ይጨምረዋል። እርሾ የለ፣ ስኳር የለ። ከጋኖቹ አንዷ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስለት ናት። እሷ ለበዓልና ለተዝካር ብቻ ትከፈታለች እንጂ አትሸጥም። እዚህ በወይን አገራችን በካኼቲ የስለት ጋን ከነካ ሰው ጋር ማንም አብሮ አይበላም።

አባባ ሕመሙ ሲጠናበት እሷኑ ሞልቶ አፏን በጭቃ መረገና "ለሙት ዓመቴ ክፈቷት" አለን። እሱ ከሞተ ወዲህ እማማ "አንዴ ብቻ የእጁን ልቅመስ እንጂ ከዚያ በኋላ ልሙት" እያለች ነው የከረመችው።

በሙት ዓመቱ ጠዋት፣ ሰዉ መቃብሩ ጋ ሲሰበሰብ፣ ጭቃውን ፈንቅዬ ቀዳሁ። የአባባ ወይን ምላስ ጨምድዶ ይይዛል። ይሄ ግን እንደ ሽሮፕ ይጣፍጣል፣ ፋብሪካዎች ወይን እንዳይበላሽ የሚጨምሩት ድኝም አፍንጫ ይሰነፍጣል።

"ጁምበር!" ብዬ ጮህኩ።

አባባ ከሞተ ወዲህ ጋኖቹን የሚጠብቀው ታናሽ ወንድሜ መጣና የተከፈተውን ጋን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እትዬ ጺያላ፣ በእናትሽ ቀስ በይ።"

"የት አደረስከው?"

"ወይን ሊገዙ የመጡ ቱሪስቶች 'የሽማግሌውን ካልሸጥክልን' ብለው አስጨነቁኝ። ከፋብሪካ ገዝቼ ተካሁት። ማን ያውቃል ብዬ ነው።"

"ማን ያውቃል? እኔ የማን ልጅ ነኝ?"

"አንቺማ ወይን ቀማሽ ሆነሽ ነው የተወለድሽው።" ሊያስቀኝ ሞከረ። "ሌላው አይለየውም።"

"አፈር ብላ! አባትህን ሸጠህ ትቀልዳለህ? መቃብሩ ላይ፣ በሰው ፊት ነው የማዋርድህ!"

ያንኑ ወይን ይዘን መቃብሩ ጋ ስንደርስ ዋንጫውን ያነሳው እሱ ነው፣ ወንድ ልጅ አይደል! "ይሄ አባታችን በእግሩ የረገጠው ነው" አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። ልናገር አፌን ከፈትኩ።

እማማ ግን ቀደመችኝ። ዋንጫውን በሁለት እጇ ተቀብላ ተጎነጨችና ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"እሱ ነው" አለች። "የኔ ጌታ፣ የእጁ ጣዕም!"

ሰዉ "ነፍስ ይማር" አለ። ጁምበር መሬት መሬቱን ያያል። እማማ ዋንጫውን ለኔ ዘረጋችልኝ።

"እስቲ ቅመሺው ልጄ። እሱ አይደለም?"

ጠጣሁ።

"እሱ ነው እማማ" አልኳት፣ አባቴ መቃብር ላይ ቆሜ።