ለቅሶ የማይደርሰው ዳኛ

«ሌላ ሰው ይመጣል ብለሽ ነው?» አለች የመምህርቷ ታናሽ እህት፣ ሞልቶ የዋለውን የሻይ ቴርሞስ ወደ ጓዳ እየመለሰች። «ተይው በቃ፣ እኛው እንጠጣዋለን።»

መምህርቷ ባዶዎቹን ወንበሮች ተመለከተች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሳሎኑን የረገጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ላይኛው ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት፣ ድሮ አብራት ያስተማረች ጓደኛዋ፣ የታችኛው ሱቅ ባለቤት። እነሱም ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ነፍስ ይማር ብለው፣ ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሱ። በማን ይፈረዳል? ሟች ራሱ የሰው ለቅሶ ደርሶ አያውቅም።

ዳኛው እንዲያ ነበር። ሠርግ ሲጠሩት አይሄድ፣ ሞት ሲነግሩት አይሄድ። «ነገ ችሎቴ ላይ የሚቆመው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ይላል። የሰፈሩ ሰው «እሱማ እግዜር ይስጥልኝንም ያለ ማስረጃ አይቀበል» እያለ ይቀልድበት ነበር። ቀልዱ ለሰፈሩ እንጂ ለሚስቱ አልነበረም። የገዛ አክስቷ ስትሞት እንኳ፣ የሟች ልጅ የመሬት ክርክር አለበት ብሎ ብቻዋን ሰደዳት። ውሎ አድሮ እሷንም መጥራት ተዉ። መጀመሪያ ተናደደች፣ ኋላ ለመደችው፤ መልመዱ ከንዴቱ ይብስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የፍርድ ቤቱ ሹም ነው፤ ሥራውን ከዳኛው ተምሮ፣ በኋላ የዳኛው አለቃ የሆነ ሰው። ተቀመጠና አለቀሰ፤ ለይምሰል አልነበረም። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ጋሼ በነፃ ያሰናበቱት ጋዜጠኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎበታል። በቅርቡ ይሰማል።»

«እና?»

«ጋሼ መጨረሻ ላይ ይረሱ ነበር አይደል? ፍርዱን ሲሰጡም እንደዚያው ነበሩ ብለው ቃልዎን ቢሰጡልን ነገሩ በሰላም ያልቃል። ታመው ነበር ይባላል እንጂ ስማቸው በክፉ አይነሳም።»

«ልጁስ?»

ሹሙ ብርጭቆውን በጣቶቹ አዞረው። «ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታያል።»

«በማን?»

ሹሙ ሳሎኑን ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ስለ ቤቱ አነሳ፤ የመንግሥት መሆኑን፣ እሱ እስካለ ድረስ ግን ማንም ልቀቂ እንደማይላት። እህቷ ከጓዳ በር ላይ ቆማ በዓይኗ ትለምናት ጀመር።

መርሳቱስ እውነት ነው። ጫማውን አልጋ ላይ ያስቀምጥ፣ ሚስቱን በእናቱ ስም ይጠራ ነበር። ግን ያ የመጣው ከፍርዱ በኋላ ነው፤ ባልደረቦቹ ሰላምታ ከነፈጉት፣ ስልኩም ዝም ካለ በኋላ።

ስለ ሥራው ቤት ውስጥ ትንፍሽ አይልም ነበርና፣ የጋዜጠኛው ክስ ሲሰማ አንድ ቀን እሷ ሹልክ ብላ ሄዳ ችሎቱ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ጋዜጠኛው መንግሥት ሊገለብጥ እራት ላይ ከሰዎች ጋር መክሯል ተብሎ ተከሷል። ሁለት ምስክሮች አንዱን ቃል በአንድ ቅደም ተከተል ተናግረው ወረዱ። ሦስተኛው ሲጀምር ዳኛው እጁን አነሳ።

«ከመካከሉ ንገረኝ። እራት ከበሉ በኋላ ያለውን።»

ሰውየው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ዳኛው አስቆመው። ሰውየው አሁንም ከመጀመሪያው። መምህርቷ የሸመደደ ተማሪ ስታይ ኖራለች፤ ከመካከል ጀምር ሲሉት መንገዱ ይጠፋዋል። ያን ቀን ባሏን ወደደችው፤ ግን አልነገረችውም።

«ስማኝ የኔ ልጅ» አለችው ሹሙን። «ፍርዱን ያነበበ ዕለት የተጋባንበት ቀን ነበር። የምስክሮቹን ቃል፣ የጠበቃውን ክርክር፣ አንድ ሳይቀር ያስታውሳል። የረሳው እኔን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በሽታው አይደለም፣ አመሉ ነው።»

«ያስቡበት እትዬ።»

«ሳስብበት ነው የኖርኩት። ለዚህ ሥራ ሲል ሰው አሳጣኝ። ዛሬ ተነስቼ አእምሮውን ስቶ ነበር ካልኩ፣ ያን ሁሉ ዘመን ብቻዬን የኖርኩት ለምን ነበር?»

ሹሙ እጅ ነስቶ ወጣ። እህቷ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ እሱን ይመስለኝ ነበር። አሁን የት ልትገቢ ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች መምህርቷ። እውነቷን ነበር፤ ፈርታለች። አየር ልትቀበል ወደ ታች ወረደች።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ጥቁር የለበሰ ሰው ቆሟል። ጋዜጠኛው ነበር፤ እስር ቤት የከሳው ፊቱ ገና አልሞላም። ና ግባ ልትለው እጇን አነሳችና መሃል ላይ ተወችው። ደጇን ከረገጠ ነገ «ድሮም የዳኛው ሰው ነበር» ይባላል። እሱም ይህን አውቆ ነው የማይሻገረው። ከማዶ ሆኖ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳትና የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

እሷም ልብሷን ሰብስባ ከሕንፃው ደረጃ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። መኪናዎች በመካከላቸው ያልፋሉ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ማልቀስ ሲጀምር የእሷም እንባ መጣ። ከዚያም መንገዱን እንደማይሻገር እያወቀች፣ ለእንግዳ ቦታ እንደሚለቅ ሰው፣ ፈቀቅ አለች።