በእጅ የተሄደ መንገድ

ጋሽ ህሩይ በሕይወታቸው የተሸነፉት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለገዛ ሳምባቸው። ጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዱ ያጨሱት ሲጋራ ጡረታቸውን ጠብቆ ደረታቸው ላይ ሰፈረ። አሁን ከጭሮ መናኸሪያ ቤታቸው እስኪደርሱ ደጋግመው ያርፋሉ። በየዕረፍቱም ዳገቱን ይረግማሉ፣ ዳገት ላይ ከተማ የቆረቆረውን ሰው ይረግማሉ፣ «አይዞዎት» ያላቸውን ሁሉ ይረግማሉ።

ዘንድሮ ግን ለሥላሴ በዓል የአሰቦትን ተራራ በእግራቸው ሊወጡ ቆርጠዋል። ድሮ ወደ ሚኤሶ ሲወርዱ ፍሬን እምቢ ባለ ጊዜ የተሳሉት ስለት ነው። ሚስታቸው እንቁ ደግሞ «ነርሷ ካልፈቀደች ከዚህ ቤት ንቅንቅ የለም» ብላለች። እንቁ የለም ካለች የለም።

ነርሷ ሲስተር ሮዳስ ከጎንደር ተመድባ በቅርቡ የመጣች፣ ጫት ቤት ደጃፍ እንኳን ረግጣ የማታውቅ ልጅ ናት። ሰዓት የሚመስል ነገር ቀኝ እጃቸው ላይ አሰረችላቸው።

«ቀን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ፣ ሌሊት ምን ያህል እንደሚተኙ ይለካል፤ ለእርስዎ ሕመም ሁለቱም መድኃኒት ናቸው አባቴ። አንድ ሳምንት እንዳያወልቁት። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ይሄዳሉ።»

«ካልሆነስ?»

«ይቀመጣሉ።»

«እንግዲህ በስተርጅና አለቃዬ ሰዓት ሆነ!» ብለው ወጡ።

በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሊራመዱ ተነስተው ነበር። መንገዱ ግን በጅብሪል ደጅ ያልፋል። ጅብሪል የድሮ ረዳታቸው፣ የዛሬ የበርጫ ጓደኛቸው ነው። ገቡ፤ ትራስ ተደገፉ። ቀኝ እጃቸው ከጫቱ እስር ወደ አፋቸው፣ ከአፋቸው ወደ እስሩ ሲመላለስ ዋለ። አመሻሽ ላይ ሰዓቱ ንዝር ንዝር አለና አንድ አረንጓዴ ሰውዬ ሲጨፍር አሳየ።

ጅብሪል መነጽሩን አድርጎ አየው። «ወላሂ፣ ብዙ ተራምደሃል ይልሃል!»

«የት ሄጄ?»

«እስከ አፍህ ነዋ!»

ጋሽ ህሩይ ለሙከራ አንድ ቀንበጥ ቀነጠሱ። ሰዓቱ ቆጠረ።

«እጅህን ሰፋ አድርገህ ቀንጥስ እንጂ!» አለ ጅብሪል። «አሰቦት ሩቅ ነው!»

ሌሊቱም ከቀኑ አልተሻለም። ምርቃናው ዓይናቸውን እንደ መኪና መብራት አፍጥጦ ያሳድራቸዋል። እንቁን እንዳይቀሰቅሱ ግን አንዲት ጣት ሳያንቀሳቅሱ፣ በሐሳባቸው ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ሲሟገቱ ያነጋሉ። ሰዓቱ ይህንን ሰላማዊ እንቅልፍ ነው አለ። ሰው በዚህ ዓይነት ዳኛ ነው እንግዲህ የሚፈረድበት!

ሳምንቱ ሲያልቅ ሮዳስ ውጤቱን ስልኳ ላይ አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እንዲህ ያለ ታካሚ አላየሁም! እንቅልፍዎ የሕፃን ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭራሽ አያርፉም! ይሂዱ አባቴ፣ ፈቅጃለሁ!»

አብራቸው የመጣችው እንቁ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ከሰዓት በኋላ? ጅብሪል ቤት ቁጭ ብዬ ዋልኩ አይደል እንዴ የምትለኝ? አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ የምትኳትነው የት ነው?»

መልሱንም ራሷ አገኘችው።

«ማሚቴ ጋ ነው!»

ማሚቴ ከከተማው ጫፍ ጠላ የምትሸጥ ፈት ናት። ጋሽ ህሩይ ተጨነቁ። ተቀምጬ ነበር ቢሉ አሰቦት ቀረ፤ ሄጃለሁ ቢሉ ትዳር ሊቀር ነው። ደግሞም በዚህ ሳምባ መጠርጠር ትንሽ ደስ ይላል።

«አዎ! ማሚቴ ጋ ነው!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። በነፉበትም ሳል ያዛቸው።

እንቁ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ማሚቴ ዘንድ ከነፈች። ማሚቴ ነገሩን ስትሰማ በሳቅ ፍርስ ብላ የያዘችውን ጣሳ ጣለች።

«እሱ? እኔ ደጅ ቢደርስ እኮ መጀመሪያ የምጠራው ቄስ ነው!»

እንቁ ከዚያ ጅብሪልን ጎትታ ሮዳስ ፊት አቆመችው። አፈጠጠችበት፤ ወዲያው ተናዘዘ። ሰዓቱን በራሱ እጅ አስሮ፣ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ አየር ይቀነጥስ ጀመር። ሰዓቱ ቆጠረ።

«እንቅልፉስ?» አለች ሮዳስ በድንጋጤ።

«ቅሞ የሚተኛ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ሲስተር?» አለ ጅብሪል።

ፈቃዱ ተነጠቀ። ጋሽ ህሩይ አንገታቸውን ደፉ። እንቁ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

«ለአንድ ተራራ ብለህ በራስህ ላይ ውሽማ ፈጠርክ?»

«ስለት ነው እንቁዬ። ሳላደርሰው ብሞትስ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጫ ቀረ። ከሰዓት ከሰዓት እንቁ፣ እስረኛ እንደምታጅብ ፖሊስ፣ ክንዳቸውን ይዛ ትወጣለች፤ ጅብሪል ደጅ ሲደርሱ ደግሞ በግራ በኩል የነበረችው ያቺን ቀንጣሽ ቀኝ እጅ ልትይዝ ወደ ቀኝ ትዞራለች። መጀመሪያ ቀን ሁለት ስልክ እንጨት፣ በኋላ እስከ ገበያው፣ ከዚያም አልፈው። በዓሉ ሲቃረብ ሮዳስ ራሷ አብራቸው ተራምዳ አየችና «ግማሹን ተራራ ብቻ» ብላ ፈቀደች።

በበዓሉ ቀን ግማሹን ወጡ።

«በቃህ፣ ተቀመጥ» አለች እንቁ ዛፍ ሥር።

«ግማሽ ስለት የሚባል ነገር አለ? እስቲ የት ነው የተጻፈው? እኔ ሥላሴን ያልኳቸው…»

ሳይጨርሱት እንቅልፍ ጣላቸው። እንቅልፍ ሲባል እንቅልፍ ነው፤ አፍ ከፍቶ፣ ቅጠል እስኪረግፍ እያንኮራፉ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ጢማቸው አድጓል፤ ተሳላሚው ሁሉ ባሕታዊ መሰሉት። አንዱ ዳቦ አስቀመጠ፣ ሌላው ቆሎ። አንዲት ሴትዮ «ይህ ማንኮራፋት አይደለም፣ ጸሎት ነው!» ብላ የልጇን ግንባር በጉልበታቸው አስነካች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብንን አሉ። «ጫፍ ደረስን?»

«አንተ ግማሽ ላይ ነህ፤ ዝናህ ግን ጫፍ ደርሷል» አለች እንቁ፣ የሰው ዳቦ እያላመጠች።