የሉላ ደረቅ ማልያ

አሰልጣኝ ንጉሴ ፊሽካውን ነፋና ልጃገረዶቹን በመርሳ ከተማ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ጫፍ አሰለፋቸው። ከዚያ እንደ ልማዱ ከፊታቸው እየተንጎራደደ ማልያቸውን ያይ ጀመር። ግራጫውን ቀለም የመረጠው ራሱ ነው፤ ላብ አይደብቅም። የረጠበች ሠርታለች፣ የደረቀች ለግማለች። ሰውየው ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያውቀው ይህንኑ ነበር፤ በዚሁም ይኮራል።

ሉላ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

"አንቺ ዛሬም ደረቅ ነሽ። ጓደኞችሽ ሲለፉ ጥላ ሥር ነበርሽ?"

"አብሬያቸው ነበርኩ ኮች። ኳስ ስነጥቅ አላዩኝም?"

"ስትሮጪ አላየሁሽም።"

እውነቱን ነው። ሉላ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ የተጋጣሚዋን ወገብ እያየች ትጠብቃለች፤ ሌሎቹ ሜዳውን ዞረው የሚደርሱበት ቦታ እሷ በሁለት እርምጃ ትቀድማለች። ይህን ለማየት ግን ዓይን ያስፈልጋል፤ ንጉሴ ያለው ፊሽካ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለዞኑ ቡድን ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች ከወልድያ ይመጣሉ። ሉላ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትጨርሳለች። አባቷ ሸሻይ ቁርጡን ነግሯታል፤ ከተመረጠች ትጫወታለች፣ ካልተመረጠች ከክረምት ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለች።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ከሜዳው ግንብ ጀርባ ተሰብስበው ውሃ ደረታቸውና ጀርባቸው ላይ ያፈሱ ነበር። ንጉሴ ያንን ላብ ብሎ ሊያሞግስ ነው፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

"ወላሂ፣ እኔ ዛሬ አንድ ዙር እንኳ በወጉ አልሮጥኩም" አለች ጓደኛዋ ነሲባ። "ግን እይኝማ፣ ከወንዝ የወጣሁ እመስላለሁ። እንኪ፣ ትንሽ አፍስሺበት።"

"ለዚህ ሰውዬ ብዬ?"

"ለራስሽ ነው እንጂ። ሱቅ መቀመጥ አማረሽ?"

ሉላ ሱቁን አሰበች። ውሃ የሞላውን ሃይላንድ ተቀበለችና ክዳኑን ከፈተች።

ይኼኔ ንጉሴ ግንቡን ዞሮ ብቅ አለ። ልጆቹ ሁሉ ባሉበት ደረቁ።

"ምን ያስደነግጣችኋል? አውቃለሁ እኮ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የሚመጡት ሰዎች ኳስ አያውቁም። ላብ ካዩ አሰልጣኙ ሠርቷል ብለው ይሄዳሉ። ሉላ፣ አንቺም ትንሽ ረጠብ በይና ስምሽን ዝርዝሩ ውስጥ ላስገባልሽ።"

ሉላ እስካሁን ስትንቀው የነበረው ሞኝ መስሏት ነው። ሞኝ ቢሆን ይሻል ነበር። ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የለበሰው ቱታ ካውያ እንደነካው ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጠብታ አላረፈበትም።

"ኮች፣ የአንቱ ቱታስ?"

"የኔ ምን ሆነ?"

"ደረቅ ነው።"

ነሲባ ሳቋን በእጇ አፈነች። ከበር በኩል የመራጮቹ መኪና ጡሩምባ ተሰማ።

"በይ ቶሎ አፍስሺ፣ መጡ" አለ ንጉሴ።

ሉላ ሃይላንዱን አነሳችና ውሃውን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ባዶውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ጠምቶኝ ነበር" አለችና እንደ ደረቀች ሄዳ ከሰልፉ ፊት ቆመች።