ያልተቃጠለው ሞተር

«ቴስታውን አትፍታ ብያለሁ፤» አለ ሳላሀዲን፣ መዳፉን በመፍቻውና በሞተሩ የላይ ክዳን መካከል አስገብቶ።

መካኒኩ ሊካሳ ቀና ብሎ የታክሲዋን ባለቤት አያቸው። ወይዘሮ ፀሐይቱ ቂርቆስ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ትናንት ሹፌሩ ሳላሀዲን ላዳዋን ወደ ግቢ ሲመልስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩ ላይ ተጣብቆ ስላገኙት ቁልፏን ቀሙት። በዚያ ብቻ አላበቁም፤ ካዛንቺስ ታክሲ ተራ ድረስ ሄደው፣ ተራ ለሚጠብቁት ሹፌሮች ሁሉ «ውሃ ሳይጨምር ሞተሬን አቃጠለብኝ» ብለው ተናገሩ። ሞተር አቃጠለ የተባለ ሹፌር ሌባ ከተባለውም ይብሳል፤ ለሌባ የሚራራ ባለመኪና አይጠፋም፣ ለእርሱ ግን ቁልፍ የሚሰጥ የለም።

«አንተ ዝም በል፤» አሉት። «ውሃ ማየት ያቃተው ዓይን ስለ ቴስታ ምን አውቆ ይናገራል?»

«ውሃውን በየጠዋቱ ፊትዎ ነው የምሞላው፣ እትዬ።»

«ሳላ፣ በቃ አታድርቀን፤» አለ ሊካሳ። «ቀስቱ ቀይ ከነካ ከቴስታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ስንቱን ፈትቻለሁ።»

«ስንቱን በከንቱ እንደ ፈታህ አላህ ይወቀው።»

ሳላሀዲን ንዴቱን እንደ ትኩስ ጉርሻ ውጦ ወደ ወይዘሮዋ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን ለአንድ አፍታ ይስጡኝ። ሞተር አላስነሳም።»

እያመነቱ ሰጡት። በመስኮት በኩል እጁን አስገብቶ ቁልፉን በጥቂቱ ብቻ አዞረው። ሌሊቱን ጠል ሲወርድባት ያደረችው መኪና ቀስት ከታች ተነስቶ በቀጥታ ቀዩ ላይ ወጣ።

«ይምጡና ሞተሩን ይዳስሱ።»

«እኔ ግሪስ አልነካም።»

«ስሜን ሲያቆሽሹ አልተጠየፉም፤ ይህንንም አይጠየፉ።»

ወርደው ጣታቸውን አሳረፉ። ሞተሩ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሊካሳ ቅንድቡን ሰብስቦ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ፤ ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል። ዘይቱንም አየ፤ ውሃ አልገባበትም። በመጨረሻ ከሙቀት ሴንሰሩ ላይ ቀጭኗን ሽቦ ነቀላት፤ ቀስቱ ወደቀ። መልሶ ሲሰካት ወደ ቀዩ ዘለለ።

«ሴንሰሩ ነው የሚዋሸው፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማለቴ... ሞተሩስ ጤነኛ ነው።»

«በል እንግዲህ፣ ሥራህን ጀምር፤» አሉት ወይዘሮ ፀሐይቱ ሳላሀዲንን፣ ወደ ቤታቸው እየዞሩ። «ሰው ይሳሳታል።»

«ይሳሳታል። እርስዎ ግን የተሳሳቱት እዚህ ግቢ ውስጥ ብቻ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

ሳላሀዲን ኮፈኑን ዘጋና የጋቢናውን በር ከፈተ። «ይግቡ። ካዛንቺስ የተናገሩትን እዚያው ካዛንቺስ ያንሱልኝ።»

«በዚህ ዕድሜዬ በሹፌር ፊት ልቁም?»

«ትናንት ቆመው የለ?»

ቁልፉን ነቅሎ በመዳፋቸው አኖረው። «ካልሆነ ሌላ ሹፌር ይፈልጉ።»

ወይዘሮ ፀሐይቱ ሊካሳን አዩት፤ እርሱ መሬት መሬቱን ያያል። ቁልፉን ለሳላሀዲን መለሱለትና የቤት ጫማቸውን እንኳ ሳይለውጡ ወደ መኪናዋ አዘገሙ። ሳላሀዲን ሌላ ጊዜ ክንዳቸውን ደግፎ ነበር የሚያስገባቸው። አሁን ግን አልፏቸው ሄዶ ከመሪው ኋላ ተቀመጠና፣ እስኪገቡ ድረስ ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ጠበቃቸው።