ለእንግዳ የወጣው ሰማያዊ ቀሚስ

ኦዜላ ፕሩትን ማንም ምንም አልጠየቃትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሮጊቷን ሚስ ቨርዲን ከአልጋ ያነሳች፣ ያጠበች፣ ያለበሰች እሷ ናት፤ ከስቴቱ መንግሥት ቢሮ የተላከችው ነርስ ግን የፈለገቻት ወንበር እንድታቀርብላት ብቻ ነው። "ረዳቷ እርስዎ ነዎት?" አለችና መልሱን ሳትጠብቅ አልፋት ገባች። ስሟን እንኳ አልጠየቀችም።

ነገሩን ያመጣው አዲሱ ደንብ ነው። ለድሃ ሕክምና የሚከፍለው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬይድ፣ ቤት እየሄዱ ደካማ ለሚረዱ ሴቶችም ይከፍላል። ዘንድሮ ስቴቱ ደንቡን ለወጠና ሰው ሁሉ እንደገና ይታይ ተባለ። ነርስ መጥታ ትጠይቃለች፣ መልሱን ታብሌቷ ውስጥ ታስገባለች፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ረዳት እንደሚገባሽ ያ ታብሌት ይወስናል። የሚስ ቨርዲ ሠላሳ ሁለት ሰዓት ነበር።

ነርሷ በምትመጣበት ቀን ሚስ ቨርዲ ገና ሳይነጋ "ሰማያዊውን ቀሚስ አውጪ" አሉ። ኦዜላ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ያን ቀሚስ ለፋሲካ ይልበሱት ብላ ስንት ጊዜ ለምናቸዋለች፤ መልሳቸው ሁልጊዜ "ለማን ብዬ?" ነበር። ለማን እንደሆነ ይኸው ታወቀ። ስትሮክ የመታው ግራ እጃቸው አልታዘዝ ስላለ ቁልፎቹን ለመቆለፍ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ የአንገት ጌጡ፣ ከዚያ ሊፕስቲኩ። ለኦዜላ ሲሆን የሌሊት ልብስ፣ ጥርስ ያልገባበት አፍና ቁጣ ነው።

ኬይሊን የምትባለው ነርስ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላት ነው። "እንዴት ያምርብዎታል፣ ሚስ ቨርዲ" ስትላቸው እጇን ይዘው ሳቁ። ደግሞ ወሬ ጀመሩላት፤ በወጣትነታቸው ከሜምፊስ በባቡር እየመጣ ሲያባብላቸው ስለነበረ ስለ አንድ ጥሩምባ ነፊ። ኦዜላ በሩ ጋ ቆማ ሰማች። አሥራ አንድ ዓመት እግራቸውን ስታሽ ስለ ጥሩምባ ነፊ አንዲት ቃል አልተነፈሱላትም።

ጥያቄው መጣ። ማን ያጥብዎታል? እኔው ነኛ፣ አሉ። ማን ያበስልልዎታል? ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የኮክ ኬክ ጠቆሙና ዛሬ ጠዋት የጋገርኩት ነው፣ ቅመሺው እስቲ አሏት። የጋገረችው ኦዜላ ናት፤ ዱቄቱ ገና ከክርኗ ላይ አልረገፈም። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ቅናቱ ግን አሸነፋት። ከፈለጉ ይጠይቁኝ፣ ካልፈለጉ እርስ በርሳቸው ይሸነጋገሉ ብላ ጓዳ ገባችና ድስቶቹን እያንጓጓች አጠበች። ነርሷ ሁለት ቁራጭ በልታ ሄደች።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ኦዜላ ፊደል አትለይም፤ የሰው ፊት ግን ያለ አስተማሪ ታነባለች። ሚስ ቨርዲ ወረቀቱን አይተው ሲያበቁ አጣጥፈው ትራሳቸው ሥር ከተቱት።

"የመብራት ነው" አሉ።

"የመብራት ወረቀት ትራስ ሥር አይከተትም። ያንብቡልኝ።"

ቀስ ብለው አነበቡላት። ራሷን ችላ ትታጠባለች፣ ትለብሳለች፣ ታበስላለች ይላል። ከመጪው ወር ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት በሳምንት። ኦዜላ ሦስት ጠዋት መጥታ ትሄዳለች፣ በቀሩት ቀናት ሚስ ቨርዲ ከአልጋቸው የሚያነሳቸው ሰው የለም ማለት ነው። ይህን ሲሰማ የወንድማቸው ልጅ መጦሪያ ቤት ሊያስገባቸው ነው፣ ኦዜላም የማታውቀው ሰው ቤት ልትላክ ነው። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ነርሷ ተመልሳ እንድታየው ሊጠይቅ ይችላል ይላል።

ኦዜላ ስልኩን አምጥታ እጃቸው ላይ አኖረችው። ደወሉ። ሐሙስ ትመጣለች ተባሉ። ስልኩን ዘጉ።

"እንግዲህ ያን ቀሚስ ተኩሺልኝ" አሉ።

"አልተኩስም።"

"ያቺ ሕፃን በሌሊት ልብስ ትየኝ?"

"እኔስ? እኔ አሥራ አንድ ዓመት ያላየሁት ምንዎ ቀረ?"

"አንቺማ ሌላ ነሽ።"

ኦዜላ ስድብ ይሁን ምስጋና ለመለየት ፊታቸውን አየች። ምስጋና ነበር፤ ንዴቷን ግን አላበረደላትም።

"ሌላ ከሆንኩ ጥሩምባ ነፊውን ለእሷ ለምን አወሩላት?"

"ጠየቀችኛ። አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ?"

ኦዜላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ስለ እሱ በኋላ ይነግሩኛል፣ ከነስሙ። አሁን ይስሙኝ። ሐሙስ ቀሚስ የለም፣ ሊፕስቲክ የለም፣ ኬክም አልጋግርም። እሷ ታብሌቷን ይዛ እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ ወንበሩንም ራሷ ታምጣ። እኔ ጓዳ እሆናለሁ። እርስዎ ከአልጋዎ ሳይነሱ፣ እሷ እየሰማች፣ በስሜ ይጥሩኝ። 'ኦዜላ፣ ነይ አንሺኝ' ይበሉ።"