ባዶውን ማቃጠል

ባዶ ነገር ተቃጥሎ ምን ይገኛል? እትዬ ሚዛን ይህን ሲጠይቁኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እትዬ ሚዛን ጋዝ በምንሞላበት ድርጅት ላብራቶሪ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላቸው እሳቸውም ረስተውታል። እኔ ውጭ ተምሬ ከተመለስኩ አራት ወሬ ነው፤ "የውጪዋ" ይሉኛል። ሻንጣዬን ገና አላራገፍኩም። መመለሴ ልክ ይሁን ስህተት በየጠዋቱ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ።

ያን ሰሞን የእናቴ ወንድም፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ወረቀት የሌላቸው አርባ ሲሊንደሮች "ቡቴን ነው" ብሎ ተረከበ። ፕሮፔን ከሆነ ግፊቱ ስለሚበረታ ለቡቴን የተሠሩት ሲሊንደሮች በሰው ቤት ሊፈነዱ ይችላሉ፤ አጎቴም ከሥራው ይባረራል። የግፊት መለኪያውና ጋዝ የሚለየው መሣሪያ ለጥገና ሄደዋል። የቀረን የድሮው ዘዴ ነበር፤ ጋዙን አቃጥሎ ከወጣው ተነስቶ የገባውን ማወቅ። ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑ ውሃ ይሆናል። አንዱ ቱቦ ውሃውን፣ ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዛል፤ ቱቦዎቹ የጨመሩትን መመዘን ነው።

0.87 ግራም ጋዝ አቃጠልኩ። 2.64 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 1.44 ግራም ውሃ ወጣ። ሳሰላው ለሦስት ካርቦን ስምንት ሃይድሮጅን ሆነ፤ ፕሮፔን። የካርቦኑና የሃይድሮጅኑ ድምር 0.88 መምጣቱን አይቼ፣ አንድ መቶኛ ግራም ምን አላት ብዬ አለፍኳት። ከምሳ በፊት ውጤቱን ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁ። ከሰዓት በኋላ አጎቴ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አስረክቦ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ "አንቺም እንዲህ ካልሽ፣ እሺ" ብቻ አለኝ።

በማግስቱ እትዬ ሚዛን መነጽራቸውን አድርገው ደብተሬን በጣታቸው ተከተሉት።

"ሰማንያ ሰባት አስገብተሽ ሰማንያ ስምንት ያወጣሽው፣ ጋዙ ወልዶ ነው?"

የሚዛኑ ስህተት ይሆናል አልኩ።

"ሚዛኑን አትሚው። ባዶውን አቃጥለሻል?"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ተቃጥሎ ምን እንደሚገኝ የጠየቁኝም ያኔ ነው። ከዚያ ምድጃውን ለኮሱ። ጋዝ አላስገቡም። ያንኑ ኦክስጅን፣ በዚያው ፍጥነት፣ እኔ የፈጀሁትን ያህል ደቂቃ በግድግዳው ሰዓት እያዩ አሳለፉ። ቱቦዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ያነሷቸው ነበር፤ የጣት ወዝም ይመዘናል። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ አልቸኮለም። እንዲህ ያለ እጅ በተማርኩበት ሁሉ አላየሁም።

የውሃው ቱቦ 0.09 ጨመረ። ጋዝ ሳይገባ።

ወደ ኦክስጅኑ መግቢያ ጠቆሙኝ። እርጥበት የሚመጥጠው ማድረቂያ ሰማያዊ መሆን ሲገባው ሮዝ ሆኗል፤ ኦክስጅኑ እርጥብ ነበር ማለት ነው። በተማርኩበት አገር ይህን መሣሪያው ራሱ ይቀንሰው ነበር። እኔ መቀነሱንም አላውቅም ነበር።

ከ1.44 ላይ 0.09 ሲነሳ 1.35 ቀረ። ካርቦን ለሃይድሮጅን ሁለት ለአምስት ሆነ። እንዲህ ባለ ጋዝ የሃይድሮጅኑ ቁጥር ጎዶሎ ስለማይሆን እጥፉን መውሰድ ነው፤ አራት ለአሥር። ቡቴን። ድምሩም 0.87፣ ልክ የገባውን ያህል።

እትዬ ሚዛን ያፌዙብኛል ብዬ ጠበቅኩ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለው ቱቦዎቹን ወደ ቦታቸው መለሱ። ከዚያ ወዲህ የትም አገር ከምሠራ ከእሳቸው ሥር ብማር ይሻለኛል ብዬ አስባለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሮጬ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። አጎቴ እንዲመለስ ተጠራ። ማታ ከመሆኑ በፊት ጻፍኩለት፦ "ጋሼ፣ ቡቴን ነው። ያልከው ልክ ነበር። ሳላጣራ የፈረድኩብህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።"

ሰኞ መጥቶ ግምጃ ቤቱን ከፈተ። እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሰላም ይለኛል። መልእክቱን እንዳነበበው ስልኬ ያሳያል። መልስ ግን አልመጣም።